ፓምፑ ምን አጠፋ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሆስፒታልና ፋብሪካ ዕቃ በተጻፈ ቁጥር "የሚገባው ዕቃ ጥራት የለውም፣ ዓመት ሳይሞላው ይበላሻል" የሚል አስተያየት ገጻችሁ ላይ አያለሁ፣ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ አልክድም፣ ግን እኛ ቦይለር ቤት የምንውል ሰዎች ዘንድ በሐሰት የሚታማው የኮንደንሴት ፓምፕ ነው፣ ጠበቃ ስለሌለው ነው ይቺን የምጽፍለት።

ለማያውቀው ሰው፣ ቦይለር ውሃ አፍልቶ ስቲም (እንፋሎት) የሚያወጣ ማሞቂያ ነው፣ ላውንደሪና ኩሽና ሄዶ ሙቀቱን የሰጠ ስቲም ተመልሶ ውሃ ይሆናል፣ ኮንደንሴት የምንለው እሱን ነው፣ ውሃው ታንከር ውስጥ ይጠራቀምና ፍሎቱ (ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ኳስ) ከፍ ሲል ፓምፑ ተነስቶ ወደ ቦይለር ይመልሰዋል። በቃ ሥራው ይሄው ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ፓምፑ ውስጡ ጠጠር የገባበት ይመስል ይንኮሻኮሻል፣ የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ይንቀጠቀጣል፣ ዘንጉ ላይ ውሃ እንዳይወጣ የሚይዘው ሲል ያንጠባጥባል፣ ታንከሩ ሞልቶ ወለሉ ይጥለቀለቃል። ወዲያው "ሞቷል" ተብሎ የግዢ መጠየቂያ ይሞላል። አዲሱ ይመጣል፣ እሱም በዛው ድምፅ ይጮሃል፣ ከዛ ስድቡ ለአስመጪው ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ስቲም ትራፑ ጋ ነው፣ ማለትም ውሃውን አሳልፎ ስቲሙን የሚይዘው ቫልቭ ጋ። ትራፑ ክፍት ሆኖ ሲቀር ስቲሙ ሥራ ሳይሠራ በመመለሻው መስመር ታንከሩ ውስጥ ይገባል፣ ውሃው ሊፈላ ይደርሳል፣ ፓምፑ ሲስበው መግቢያው ላይ አረፋ ይሆናል፣ አረፋው ውስጥ ገብቶ ሲፈርጥ ነው ያ ድምፅ የሚሰማው፣ ኢምፔለሩን (ውስጥ እየዞረ ውሃውን የሚገፋውን ጎማ) በስቶ የሚጨርሰውም እሱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው (ሽምብራ ንፍሮ ድሬዳዋ ላይ ቶሎ የሚበስለውም ለዚሁ ነው)። ብዙ ካታሎግ "እስከ 93 ዲግሪ" ይላል፣ እሱ ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው፣ እዛ 93 የደረሰ ውሃ ለመፍላት 7 ዲግሪ ይቀረዋል፣ እኛ ጋ ክፍት ታንከር ውስጥ ያ ውሃ ድሮ ፈልቷል።

ስለዚህ ፓምፑን ከመፍታት በፊት ውጪ ወጥቶ የታንከሩን ቬንት (መተንፈሻ ቱቦ) ማየት ነው። ትንሽ ጭስ ቢጤ ችግር የለውም፣ ሳያቋርጥ የሚተፋ ከሆነ ግን ወደ ትራፖቹ። ቴርሞሜትር ብቻውን ያታልላል፣ የትራፑ መግቢያም መውጫም ትኩስ ነውና። የካቻቢቴ ጫፍ ትራፑ ላይ፣ እጀታው ጆሮ ላይ፣ የዲስክ ትራፕ (በውስጡ ክብ ብረት እየተነሳ የሚዘጋው ዓይነት) ጤነኛ ከሆነ ጠቅ ይልና ያርፋል፣ የሞተው ያለ እረፍት ሽሽሽ ይላል።

ሌላም አለ። ስቲም የሚጠቀም ሰው በሌለበት ፓምፑ ቆሞ ወዲያው ደግሞ የሚነሳ ከሆነ ውሃ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳለፍ ያለበት ቼክ ቫልቭ የቦይለሩን ውሃ ወደኋላ እየለቀቀ ነው። የመብራት ሥራ ከተሠራ በኋላ ውሃ መግፋት ካቃተው ደግሞ ፌዙ (የሦስቱ የመብራት መስመር ቅደም ተከተል) ተገልብጦ ሞተሩ ወደኋላ እየዞረ ይሆናል፣ ፓምፑ ላይ ያለውን ቀስት አይቶ፣ ብሬከሩን አጥፍቶ ከሦስቱ የፌዝ ሽቦ ሁለቱን ማቀያየር ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ፓምፑ እስኪገዛ ተብሎ ኮንደንሴቱ ወደ ቱቦ ሲደፋ ነው። ወደ ቦይለር የሚገባው ውሃ በ6 ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ነዳጁ 1 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ 80 ዲግሪ የሆነውን ኮንደንሴት ደፍቶ የ20 ዲግሪ የቧንቧ ውሃ ማስገባት ማለት እንግዲህ ወደ 10 በመቶ ናፍጣ ነው፣ ለቦይለር ተብሎ በኬሚካል የታከመው ውሃ ሳይቆጠር። ይሄንን ማን ይጠየቅበታል?

የጨረታ ሰነድ የምታዘጋጁ እህት ወንድሞች፣ ከሊትሩ (ከፍሰቱ) እና ከባሩ (ከግፊቱ) ጎን የከተማውን ከፍታና የኮንደንሴቱን ሙቀት ጻፉ፣ አቅራቢውም ታንከሩን በብረት እግር ከፓምፑ በላይ ምን ያህል ከፍ አርጎ እንደሚያስቀምጥ በሥዕል ያሳያችሁ፣ ከላይ የሚጫነው ውሃ ነው መግቢያው ላይ አረፋ እንዳይሆን የሚከለክለው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቦይለር ቴክኒሻን፣ ከአዲስ አበባ