አምስት ጎራሽና ሠላሳ ጎራሽ

ውድ ልጄ፣

ባለፈው እሑድ በስልክ «አባዬ፣ የአያቴን ምንሽር በኩራት የምታወራልኝ አንተ፣ እዚህ ሜሪላንድ ጠመንጃ የሚከለክል ሕግ እንዴት ትደግፋለህ?» ብለህ ስትጠይቀኝ የሚገባህን መልስ ባለመስጠቴ ሳምንቱን ሙሉ ቅር ሲለኝ ሰነበተ።

የአባቴ ምንሽር አምስት ጎራሽ ነበር፤ አንድ ጥይት ከተኮሱ በኋላ እጃቸውን ከቃታው አንሥተው ዳግም ማቀባበል ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኮኔቲከት ግዛት በሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች የተገደሉበት ጠመንጃ ግን ቃታው በተሳበ ቁጥር እየተኮሰ ቀጣዩን ጥይት ራሱ የሚያቀባብል፣ ሠላሳ ጎራሽ ካዝና የሚሰካበት ነበር፤ ገዳዩ ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ 154 ጥይት ተኮሰበት። አንተም ያኔ የልጆቹ እኩያ ነበርህ፤ ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ካደረስኩህ በኋላ ከበሩ መለየት አቅቶኝ ብዙ ቆሜአለሁ።

የሜሪላንድ ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ2013 ነው። በስም የተዘረዘሩ የጦር ሜዳ ዓይነት ጠመንጃዎችና አምሳያዎቻቸው እንዳይሸጡ አገደ፤ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥንም ከለከለ። እንደ አባቴ ያለውን ምንሽር አልነካም።

«የ1994ቱ የፌዴራል ሕግ ምን ፈየደ?» ላልከው፣ እንዲህ ያሉ ጠመንጃዎችን በመላ አሜሪካ ያገደው የዚያ ሕግ ጉድለት እንዳለበት አልክድም። በስም ከጠቀሳቸው ውጭ ያሉትን ጠመንጃዎች የሚለየው በመልካቸው ነበር፤ ካዝናው የሚነቀል ከፊል አውቶማቲክ (እንደ ሳንዲ ሁኩ ቀጣዩን ጥይት ራሱ የሚያቀባብል) ጠመንጃ ከሚታጠፍ ሰደፍ፣ ከሽጉጥ መሰል እጀታ፣ ከሳንጃ መሰኪያና ከመሳሰሉት ሁለቱን ካሟላ ይታገዳል። ፋብሪካዎች ሳንጃ መሰኪያውን አስቀርተው ያንኑ ጠመንጃ መሸጥ ቀጠሉ፤ ቀድሞ የተገዛውም በባለቤቱ እጅ ቀረ። ዕድሜው በአሥር ዓመት ተወስኖ ስለነበር ኮንግረሱ ሳያድሰው በ2004 አበቃ።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምይዘው የካዝናውን ገደብ ነው። በጃንዋሪ 2011 በአሪዞና ቱሳን ከተማ የኮንግረስ አባሏ ጋብሪኤል ጊፈርድስ በተመቱበትና የ9 ዓመት ልጅን ጨምሮ 6 ሰዎች በሞቱበት ዕለት፣ በቦታው የነበሩ ሰዎች ገዳዩን የያዙት 33 ጥይት የሚጎርሰውን የሽጉጡን ካዝና ባዶ አድርጎ ሌላ ለመቀየር ሲሞክር ነው። ካዝናው ባለ 10 ቢሆን ኖሮ ያቺ ቅጽበት ቀድማ በመጣች ነበር።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2025 በሜሪላንዱ ሕግ ላይ የቀረበለትን አቤቱታ ሳይቀበል ቢቀርም፣ ከዳኞቹ አንዱ የሆኑት ካቫኖ ጥያቄውን ፍርድ ቤቱ በቅርቡ ሊያየው እንደሚገባ ጽፈዋልና ክርክሩ ገና ነው። ለምስጋና በዓል ስትመጣ የሕጉን ጽሑፍ አብረን እናነባለን፤ የምትቃወመውን አንቀጽ አስምረህበት ና።

አባትህ
ሲልቨር ስፕሪንግ