ያደረ ዳቦና የጓሮ ቆስጣ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከረምህ? ባለቤትህና ልጆቻችሁስ ደኅና ናቸው? ባለፈው ደብዳቤህ በአንድ ሳምንት ውስጥ የደረቀ ግማሽ ዳቦ፣ ምድጃ ላይ ያደረ አንድ ድስት ሩዝ፣ ከጓሮህ የለቀምኸውን አንድ እቅፍ የጠወለገ ቆስጣም እንደ ጣልህና በዚህም እንዳዘንህ ጽፈህልኛል። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከሦስቱ አንዱን መጣልህ ልክ ነበር፤ ሁለቱን ግን ማዳን ይቻል ነበርና ይህንኑ በዝርዝር ልጽፍልህ ወደድሁ።

ነገሩን እንደ ጥቃቅን ጉዳይ አላየውም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2024 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ የባከነ ሲሆን ከዚህ ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ የተጣለው በመኖሪያ ቤቶች ነው። ብክነቱ በብዛት የሚደርሰው እንደ እኔና እንደ አንተ ባሉ ሰዎች ማዕድ ቤት ስለሆነ፣ ማዳኑም የሚጀመረው ከዚያው ነው።

በቅድሚያ ስለ ሩዙ ልንገርህ። በመጣልህ አትቆጭ። በጥሬ ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ ስፖር፣ ማለትም እንደ ዘር ተኝቶ የሚቆይ ጠንካራ ቅርጹ፣ ሊኖር ይችላል፤ ይህ ስፖር በፈላ ውሃ አይሞትም። የተቀቀለው ሩዝ ለብ እንዳለ ብዙ ሰዓት ከቆየ ስፖሩ ነቅቶ ይራባል፣ የሚያመነጨውን መርዝም ሩዙን ደግመህ በማሞቅ ልታጠፋው አትችልም። ሌላ ጊዜ የተረፈውን ሩዝ ወዲያው በሰፊ ትሪ ላይ ስስ አድርገህ ዘርጋው፤ በፍጥነት ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከተበሰለ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው፣ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባውና በማግስቱ ተጠቀምበት። ስትበሉትም መሃሉ 74 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ አሙቀው። ሌላውም የበሰለ ምግብ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በላይ በማቀዝቀዣ ውስጥ አይቆይ። እኔ ራሴ አንተ ገና ሕፃን ሳለህ አንድ ትልቅ ድስት የአትክልት ወጥ ይቀዝቅዝ ብዬ ከነክዳኑ አሳድሬው፣ ጠዋት ስከፍተው አረፋ ደፍቆ አገኘሁት። የድስቱ መሃል እስከ ሌሊት አጋማሽ ድረስ ሳይሞቅ ሳይቀዘቅዝ መቆየቱን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ትኩስ ምግብን በትንንሽና ጠፍጣፋ ዕቃ ሳልከፋፍል አላስቀምጥም።

ዳቦው ግን አሳዝኖኛል። ዳቦ የሚደርቀው ውሃው ስለ ተነነ ብቻ ይመስለናል፤ ዋናው ምክንያት በመጋገር የለሰለሰው ስታርች የሚባለው የዱቄቱ ክፍል እየቀዘቀዘ ሲሄድ ተመልሶ መጠንከሩ ነው። ይህም ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠው ዳቦ ይልቅ በፍሪጅ ውስጥ በተቀመጠው ላይ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ስለዚህ ዳቦህን ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጥ። በሁለት ቀን ውስጥ የምትበሉትን በጨርቅ ጠቅልለህ በውጭ አቆየው፣ የቀረውን በትኩስነቱ ቆራርጠህ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ በረዶ ቤት አስገባው፤ በዚያ ቅዝቃዜ መጠንከሩ ይቆማል። የደረቀውንም ቢሆን ውሃ አርከፍክፈህ ለጥቂት ደቂቃ በጋለ ምድጃ ብታስገባው ይለሰልሳል፤ ይህ ልስላሴ ግን ብዙ ስለማይቆይ ወዲያው መበላት ይኖርበታል።

እንደ ድንጋይ የጠነከረውም ቢሆን የራሱ ሥራ አለው። እኔ የምወደው ከእንቁላልና ከወተት ጋር መጋገሩን ነው፤ 250 ግራም ያህል የደረቀ ዳቦ ቆራርጠህ፣ 3 እንቁላል፣ ግማሽ ሊትር ወተትና ጥቂት ስኳር መትተህ ታፈስበታለህ፤ ወተቱን ጠጥቶ እስኪረጥብ ሃያ ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ በ180 ዲግሪ ለ40 ወይም ለ45 ደቂቃ ታበስለዋለህ። የበሰለ ሙዝና ቅርፊቱ የተሸበሸበ ፖም ካለ ከዚያው ይግባ። ሙዙ ሲጠቁር ስታርቹ ወደ ስኳር ስለተለወጠ ስኳሩን ቀንስለት፤ ልጆችህም ልዩነቱን አያውቁትም። ስኳር ሳትጨምር ደግሞ የተረፈ አትክልትና አይብ ብታደርግበት ለእራት ይሆናል። ፈጭተህ ያስቀመጥኸው የደረቀ ዳቦ ለጥብስ መሸፈኛም ለሾርባ ማወፈሪያም ያገለግላል። አንድ ነገር ግን አደራ እልሃለሁ፦ ዳቦው ላይ ሻጋታ ካየህ የሻገተውን ቦታ ብቻ ቆርጠህ ለመብላት አትሞክር። የሻጋታው ክሮች ዓይን በማያየው መንገድ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቁ ዳቦው በሙሉ መጣል አለበት።

አዲስ ዳቦ ስትጋግር የድንች መቀቀያውን ውሃ፣ ጨው ካልበዛበት፣ አታፍስሰው። ለብ ሲል ሊጡን አቡካበት፤ በውሃው ውስጥ ያለው ስታርች ዳቦውን ለስላሳ አድርጎ ያቆየዋል። የተረፈ የተፈጨ ድንችም እንዲሁ። እርጎ ቢኮመጥጥብህ ለአንድ ኩባያ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አድርገህ ለኬክ ወይም ለፈጣን ዳቦ ተጠቀምበት፤ ኮምጣጣውና ሶዳው ሲገናኙ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊጡን ይነፋዋል፣ አየሩ እንዳይጠፋም እንደ ተቀላቀለ ፈጥነህ ምድጃ ውስጥ አስገባው።

ወደ ቆስጣው ልምጣ። የጠወለገ ቅጠል ሁሉ የተበላሸ አይደለም፤ ውሃ ጎድሎበት ነው። ሥሩን ቆረጥ አድርገህ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ብትነክረው አብዛኛው ይቃናል፤ ያልተቃናውም ለሾርባ ይሆናል። የተሟሸሸውንና የሸተተውን ብቻ ጣል። ከምትበሉት በላይ ሲበዛባችሁ ደግሞ ለሁለት ደቂቃ በፈላ ውሃ ነክረህ ወዲያው ወደ በረዶ ውሃ ካዞርኸው በኋላ ጨምቀህ በበረዶ ቤት አኑረው። ቅጠሉን የሚያስረጁት ኢንዛይሞች የሚባሉ ንጥረ ነገሮች በፈላው ውሃ ሥራቸውን ስለሚያቆሙ ቀለሙና ጣዕሙ ለወራት ይቆያል። የቀይ ሥር ቅጠልም እንደ ቆስጣ ይበስላል፣ የብሮኮሊ ግንድም ቅርፊቱ ከተላጠ ከአናቱ አያንስም። የካሮትና የሽንኩርት ቁርጥራጭ፣ የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴው ጫፍ በከረጢት ተጠራቅሞ ለመረቅ ይቀቀላል፤ ጥቅል ጎመን ግን ሽታው ስለሚያይል አትጨምርበት።

ዝኩኒህ ሲበዛ ፈቅፍቀህ ኬክ ውስጥ ጨምረው፤ እርጥበቱ ኬኩን ያለሰልሰዋልና መጭመቅ አያስፈልግም። መራራ ሆኖ ካገኘኸው ግን፣ ስለ ቁጠባ ብለህ እንኳ ቢሆን፣ አትብላው፤ ምሬቱ ሆድ የሚያሳምም ንጥረ ነገር ምልክት ነው። አረንጓዴ የሆነ ወይም የመረረ ድንችም እንዲሁ ይጣል። ነጭ ሽንኩርት በዘይት ውስጥ አድርገህ በክፍል ሙቀት አታስቀምጥ፤ አየር በሌለበት ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊያድግበት ይችላል።

ምግብ ልታበስል ስትነሣ መጀመሪያ ማቀዝቀዣውን ክፈትና ዛሬ ካልተበላ ነገ የሚበላሸውን ፈልግ፤ የምትሠራውን በእርሱ ላይ ተመሥርተህ ወስን። ይህን ልማድ ለማስያዝ አንዱን መደርደሪያ «ቶሎ የሚበላ» ብላችሁ ብትለዩት ልጆቹም ያግዟችኋል።

በመጪው የዘር ወቅትም ሁለት የዝኩኒ ተክል ለቤተሰባችሁ ይበቃችኋል። ሰላጣውን በአንድ ቀን ሁሉንም ከመዝራት በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ዝራ። ቆስጣውን ደግሞ ከነሥሩ አትንቀለው፤ መሃሉን ትተህ ለዕለቱ የሚበቃውን የዳር ቅጠል ብቻ ቁረጥ፣ የቀረው በሥሩ ላይ ሆኖ ትኩስ እንደሆነ ይጠብቅሃል።

ልጆቹን ሳምልኝ። ያ ዳቦ በወተት እንዴት እንደ ወጣላችሁ ጻፍልኝ።

እናትህ