ድጎማ ስለመጠየቅ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ትምህርት ቤቱ ከመንግሥት በጀት ድጎማ እንዲጠይቅ ስለቀረበው ማመልከቻ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

የሚቀጥለው ዓመት የክፍያ ጭማሪ ከተነገረ ወዲህ በርከት ያሉ ወላጆች የፈረሙበት ማመልከቻ ደርሶኛል። የመምህራኑን ደመወዝ መንግሥት እንዲከፍልልን እንድንጠይቅ ይላል። በአክብሮት አንብቤዋለሁ። ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ግን አልላክሁትም፤ አልልከውምም።

ይህ ትምህርት ቤት የቤተ ክርስቲያን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲካሄድ ያዝዛል። አንቀጽ 27 ምእመናን የሃይማኖት ትምህርት ተቋማት እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። ወጪውን መንግሥት ይሸፍናል የሚል ቃል ግን የለበትም፤ ደጋግሜ ፈልጌአለሁ።

«እኛም ግብር ከፋዮች ነን» እንደምትሉ አውቃለሁ። ናችሁ። ልጅ የሌለው ጎረቤታችሁም ይከፍላል። በግብራችሁ የሚተዳደረው የመንግሥት ትምህርት ቤት በሩ ለልጃችሁ ክፍት ነው፤ እኛን መምረጣችሁ ያኮራናል። የምርጫችሁን ወጪ እምነታችንን የማይጋራ ሰው ይሸፍን ማለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለእኛ ከተከፈለ ደግሞ ለሌሎች ቤተ እምነቶች ትምህርት ቤቶችም ሊከፈል ግድ ነው። ለዚያም ትፈርሙ ነበር? ማመልከቻው ስለ ሌሎቹ አንዲት መስመር የለውም።

«በውጭ አገር ይከፈላል» የሚለውም እውነት ነው። ሆላንድ እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶችን ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች እኩል ትደጉማለች። እ.ኤ.አ. በ1905 መንግሥትንና ሃይማኖትን በሕግ የለየችው ፈረንሳይ እንኳ በ1959 ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ ውል ለገቡ የግል ትምህርት ቤቶች መምህራን ደመወዝ ትከፍላለች፤ አብዛኞቹም የካቶሊክ ናቸው። ውሉን ግን ልብ በሉ። የመንግሥትን ሥርዓተ ትምህርት ይከተላሉ፣ ቁጥጥሩን ይቀበላሉ፣ ልጅን በእምነቱ ለይተው አይመልሱም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 የሰጠውን፣ ለግል ትምህርት ቤት ክፍያ የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶችን ሊያገል አይችልም የሚለውን ውሳኔ የጠቀሳችሁልኝ ወላጅም፣ ፍርድ ቤቱ የተረጎመው የአሜሪካን ሕገ መንግሥት መሆኑን ባትዘነጉት ደስ ይለኛል።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ትንሽ ይፈተናል። በጥቅምት ወር የትምህርት ተቆጣጣሪዎች ከትምህርት ሰዓት በፊት ስለሚደረገው የጠዋት ጸሎት ሲጠይቁ፣ «መንግሥትን ምን አገባው?» ብላችሁ ቢሮዬን የሞላችሁ ወላጆች ነበራችሁ። ስማችሁን ከማመልከቻው ግርጌ አየሁት። ጥያቄ እንኳ አያንሣ ያላችሁትን አካል ደመወዝ ክፈል ልትሉት ነው። ከፋይ ከሆነ በኋላ ስለ ጸሎቱ ብቻ አይጠይቅም፤ ማን እንደሚቀጠር፣ በግድግዳው ላይ ምን እንደሚሰቀል፣ የትኛው በዓል እንደሚከበር ይጠይቃል። ሊጠይቅም ይገባዋል፤ የሕዝብ ገንዘብ ነውና።

«ድሮ መንግሥት ቤተ ክርስቲያንን ይደግፍ ነበር» የምትሉ አባቶችም አላችሁ። አዎን፣ የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጓት ነበር። በዚያው ሕገ መንግሥት የሊቀ ጳጳሱም የጳጳሳቱም ምርጫ ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ይሁንታ አይጸናም ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን የቤተ ክርስቲያን ርስት አብሮ ሄደ። ያን ዘመን ለመመኘት ሁለቱንም ገጽ ማንበብ ይጠይቃል።

ጭማሪው ከባድ መሆኑን አልክድም። የመጣው ከመምህራን ደመወዝ ነው፤ እናንተም መምህር ለቀቀ ብላችሁ ስትወቅሱኝ ቆይታችኋል። በእውነት መክፈል ያቃተው ወላጅ የክፍያ ቅነሳ ቅጽ ከሒሳብ ክፍል ወስዶ እስከ ሰኔ መጨረሻ ይመልስ፤ ጉዳዩ በምስጢር ይታያል። በቡድን መምጣት አያስፈልግም።

ዋናው ማመልከቻ ጸሐፊዋ ዘንድ ተቀምጧል፤ መልሳችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ተጨማሪ ፊርማ ተሰብስቦበት ቢመለስም መልሴ ይኸው ነው።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር