ለቅዳሜው ቀረጻ፦ አሮጌ ሌንስ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ

ሰላም ናችሁ ወገኖች፣

ሌንስ የለኝም ብሎ የሚቀር እንዳይኖር። ቤት ውስጥ አቧራ የጠጣ የድሮ የፊልም ካሜራ ካለ አውጡት። ዜኒት የሚባለው የሶቪየት ካሜራ ከሆነማ እሰየው! ብዙ ጊዜ አብሮት ያለው ሄሊዮስ 44 የሚባለው ሌንስ ነው፤ የትኩረት ርዝመቱ 58 ሚሊሜትር፣ አፐርቸሩ (የብርሃን ማስገቢያው ቀዳዳ) ሲከፈት እስከ ኤፍ 2። በኤም 42 አዳፕተር (አሮጌውን ሌንስ ከዘመኑ ካሜራ ጋር በሚያገናኘው ቀለበት) ሶኒም ካኖንም ላይ ይገጥማል። ኒኮን ዲኤስኤልአር ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ውስጡ ማስተካከያ ሌንስ የሌለው አዳፕተር ሩቁን አያጠራላችሁም።

44-2 የሚባለው የሄሊዮስ ዓይነት ለቪዲዮ የተሠራ ነው የሚመስለው። አፐርቸሩን የሚዘጋው ቀለበት ቀጭ ቀጭ ሳይል በለስላሳው ይዞራል። እየቀረጻችሁ ብርሃን መቀነስ ትችላላችሁ። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ምስሉ ገርጣ ይላል። እኔ በግሌ እወደዋለሁ፤ የማይወድ ዣንጥላ ይያዝ።

ከመምጣታችሁ በፊት የስልካችሁን መብራት በሌንሱ ውስጥ አሳልፋችሁ እዩት። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ፈንገስ ነው። ከሌሎች ሌንሶች ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ እንዳትከቱት፣ አደራ።

ሶኒ የያዛችሁ፣ ያለ ሌንስ መቅረጽ የሚፈቅደውን ሴቲንግ ክፈቱ፤ አለዚያ ካሜራው አሮጌውን ሌንስ ስለማያውቀው አልሠራም ሊላችሁ ይችላል። ፎከስ ፒኪንግም (የጠራውን ቦታ ጠርዝ በቀለም የሚያሳየው) ይከፈት።

የምንቀርጸው በሰከንድ 25 ፍሬም ስለሆነ ሹተራችን 1/50 ሰከንድ ነው። በጎንደር የቀትር ፀሐይ ኤፍ 2 ላይ ያለ ኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ፊት የሚገጠም ብርሃን ቀናሽ ጥቁር መስታወት) መቅረጽ ዘበት ነው። ለ44-2 ባለ 49 ሚሊሜትሩ ይሆናል። ያለው ያምጣ፣ እንዋዋሳለን።

ጠዋት 2 ሰዓት ፒያሳ እንገናኝ። ሐበሻ ቀጠሮ አይሠራም!