ስለ ቅዳሜው ጌም ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ውድ ወላጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ይህ ደብዳቤ በቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ቤታችን ልጆቻችሁ ስለሚጫወቱት የኮምፒውተር ጌም ነው። 

«ልጄን ለአማርኛ ብልክ ጌም ሲጫወት ዋለ» የሚል ወሬ በቴሌግራም ግሩፓችን እየዞረ ነው። አልዋለም። ከክፍል በኋላ ሃያ ደቂቃ ነው። ተኩስም የለበትም። ነምበር መንቸርስ ይባላል፤ እዚሁ ሚኒሶታ ሜክ የተባለው የትምህርት ኮምፒውተር ድርጅት በ1986 ያወጣው የሒሳብ ጌም ነው። እዚህ ያደጋችሁ ሳታውቁት አትቀሩም።

ስክሪኑ ላይ ቁጥር የያዙ ሳጥኖች ይደረደራሉ። የ6 ብዜቶችን ብላ ከተባለ፣ አረንጓዴው በላተኛ 12ን፣ 18ን፣ 54ን ይበላል። 56ን ከዋጠ አንድ ነፍስ ይቀነስበታል። ትሮግል የሚባሉ ጭራቆች ደግሞ እሱን ሊበሉ ይዞራሉ። ስለዚህ ቆሞ በጣት መቁጠር የለም።

«ታዲያ አማርኛው የት አለ?» ትሉኛላችሁ። እዚያው ነው ያለው! ሕጋችን አንድ ነው፤ ቁጥሩን በአማርኛ ሳይጠሩ መብላት ክልክል ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንዷ 56 ላይ ደርሳ «ሃምሳ... ሃምሳ...» ስትል፣ ከኋላዋ የቆሙት «ስድስት ጊዜ ዘጠኝ ሃምሳ አራት! ተዪው!» ብለው ጮኹ። እነዚህ እኮ ከሃያ ሲያልፉ ወደ እንግሊዝኛ የሚገቡ ልጆች ነበሩ።

«እኛ ማባዛትን በቃላችን ነው የያዝነው» የምትሉም አላችሁ። እውነት ነው፤ በኩርኩም ጭምር። እዚህ አገር ኩርኩም እንደማያዋጣ ግን አትስቱትም።

ጌሙ ሁሉን ያስተምራል አላልኩም። ማካፈል ምን ማለት እንደሆነ አያስረዳም፤ እሱን መምህሯ ሰሌዳ ላይ ታስረዳለች። ይህ ልምምድ ነው።

«ስክሪን ሱስ ያስይዛል» ለምትሉ፣ ኮምፒውተሩ አንድ ወላጅ ከቤዝመንታቸው አውጥተው የሰጡን የድሮ አፕል ነው። ኢንተርኔት የለውም፤ ማስታወቂያ የለውም። ፍሎፒ ዲስኩ እስኪነበብ እኔ ራሴ እሰለቻለሁ። በእረፍት ሰዓት ቲክቶክ የሚታይባቸውን ስልኮች ደግሞ፣ በአክብሮት ልናገርና፣ እኛ አልገዛንላቸውም።

ለጌሙ ክፍያ ሊጨመር ነው የተባለውም ውሸት ነው። አምስት ሳንቲም አይጨመርም።

አሁንም ነገሩ ያልተዋጠላቸው ወላጅ ካሉ፣ ቅዳሜ ሃያ ደቂቃ ቀደም ብለው ይምጡና ራሳቸው ይጫወቱ። የብቸኛ ቁጥሮችን፣ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉትን፣ ክፍል እከፍትላቸዋለሁ። 51 ብቸኛ መስሎ ከመጣባቸው ግን ይጠንቀቁ።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር