ከሃኒባል ድልድይ ማዶ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ነህ የኔ ጌታ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልህ ሚዙሪ ውስጥ፣ የከባድ መኪና ማረፊያ (ትራክ ስቶፕ) ላይ መኪናዬን አቁሜ ነው። የመንዳት ሰዓቴ አልቋል። ሕጉ 10 ሰዓት ሳላርፍ እንድነሳ አይፈቅድልኝም። በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ግን በስልክ የጀመርነውን ወሬ መቼ ጨርሰነው እናውቃለን? በአማርኛ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ቀስ ብለህ አንብበው። የከበደህን ቃል እናትህን ጠይቃት።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከኢሊኖይ ተነስቼ የሚሲሲፒን ወንዝ ተሻገርኩ። ድልድዩ የማርክ ትዌይን መታሰቢያ ይባላል፤ ቶም ሶየርንና ሃክልቤሪ ፊንን የጻፈው ደራሲ ነው። ማዶ ያለችው ከተማ ሃኒባል ናት። ሰውየው ከ4 ዓመቱ ጀምሮ ያደገው እዚያ ነው። ቶም ሶየር አጥሩን ኖራ ቅባ ሲባል ጓደኞቹን አታሎ ያስቀባበት ሰፈር፣ ሃክ ፊን በባዶ እግሩ የሚዞርበት የወንዝ ዳር፣ ሁሉም ከዚህች ከተማ የተቀዳ ነው። ውሃው ሰፊ ነው። ወተት የበዛበት ቡና ይመስላል። ድልድዩን ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ያን ጊዜ ሃክልቤሪ ፊን ውስጥ ያለውን፣ ከባርነት የሚሸሸውን ጂምን አሰብኩት። ሚዙሪ ባርነት የተፈቀደባት ነበረች፤ ኢሊኖይ ደግሞ የተከለከለባት። ጂም እመቤቱ ኒው ኦርሊንስ ድረስ በ800 ዶላር ልትሸጠው እንደሆነ ሰምቶ ጠፋ። ግን ኢሊኖይ ቢሻገርም አይድንም ነበር። ለያዘው 300 ዶላር ተብሎ ወጥቶበታል፤ አዳኞች ይዘው ይመልሱታል። ለዚህ ነው እሱና ሃክ በታንኳ ቁልቁል የወረዱት። ኬሮ የምትባል ከተማ ደርሰው በኦሃዮ ወንዝ ሽቅብ ወደ ነጻዎቹ ክፍለ ግዛቶች ሊሄዱ። እሱ ሌሊት ተደብቆ ሲሸሽበት የከረመውን ወንዝ እኔ ቀን በቀን፣ ሬዲዮ ከፍቼ፣ በትራክ ተሻገርኩት። መሪውን ይዤ ፍዝዝ አልኩ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ባለፈው ሐሙስ ማታ የነገርከኝ ነገር ከራሴ አልወጣም።

አስተማሪዋ ሃክልቤሪ ፊንን ጮክ ብላ ስታነብ፣ «ስሌቭ» የምትለዋ ቃል በመጣች ቁጥር ልጆቹ ወደ አንተ ዞር እያሉ እንደሚያዩህ ነገርከኝ። «አባባ፣ መጥፎዋን ቃል አውጥተዋታል አሉ። ታዲያ ለምንድነው ወደኔ የሚያዩት?» አልከኝ። መልስ አልነበረኝም። «ተዋቸው» ብዬህ አለፍኩ። ተሳስቻለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀ ልጅ «ተዋቸው» አይባልም።

የያዝከው መጽሐፍ ዓይነቱ ታሪክ አለው። እንደ ፈረንጆቹ በ2011 አላባማ ውስጥ፣ ሞንትጎመሪ ያለ ኒውሳውዝ የሚባል ማተሚያ ቤት ቶም ሶየርንና ሃክልቤሪ ፊንን አዲስ አድርጎ አወጣ። አዘጋጁ አለን ግሪበን የሚባል ፕሮፌሰር ነው። ጥቁርን የሚሰድቡባት፣ በኤን የምትጀምረው ቃል ሃክልቤሪ ፊን ውስጥ 219 ጊዜ ትገኛለች። ግሪበን እያንዳንዷን አውጥቶ በምትኳ «ስሌቭ» የሚለውን ቃል አስገባ። ሰውየው የመጽሐፉ ጠላት አይደለም። ማርክ ትዌይንን ሲያጠና የኖረ ምሁር ነው። አስተማሪዎች «ልናስተምረው እንፈልጋለን፤ በዚያች ቃል ምክንያት ግን አልቻልንም» እያሉት ነው ያደረገው። በክፋት አላደረገውም። አስተማሪህም በክፋት አልመረጠችውም። ያቺ ቃል በክፍል ውስጥ ጮክ ተብላ ስትነበብ አንድ ጥቁር ልጅ ወንበሩ ላይ ምን እንደሚሰማው እኔም አባት ነኝና ይገባኛል።

ግን እስቲ «ስሌቭ»ን ወደ ቤታችን ቋንቋ መልሰው።

ባሪያ።

አየህ ልጄ፣ ይህ ቃል በኛ ዘንድ የታሪክ መጽሐፍ ቃል ብቻ አይደለም። ስድብ ነው። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ቃሉ ግን ከአዋጁ በኋላም በየቤቱ ቀረ። አንተም ሰምተኸዋል። አንድ ሰርግ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ስለ አንዲት ሙሽራ መልክ ሲያወራ ብሎት ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። አንተ ምን ማለት ነው ብለህ በእንግሊዝኛ ጠየቅከኝ። እኔ ወሬ ቀየርኩ። ስለዚህ ቃሏን በ«ስሌቭ» መተካት ለኛ ቤት ማጽዳት አይደለም። አንዱን ስድብ አውጥቶ ሌላውን ማስገባት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን ለእናትህም ነግሬያት አላውቅም።

ልጅ ሆኜ አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ስሙን አውቀዋለሁ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም። ሰፈራችን ባለ አንድ ትልቅ ቤት ውሃ እየቀዳ፣ ከብት እየጠበቀ ነበር ያደገው። ወንዝ ወርዶ ዋና ያስተማረኝ እሱ ነው። በአንድ እጁ ሆዴን ከታች ደግፎ «እግርህን አራግብ፣ አትፍራ፣ ይዤሃለሁ» ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ብይ ስንጫወት አሸነፈኝ። ያለኝን ብይ በሙሉ በላኝ። ልጆቹ ከበውን ይስቃሉ። ተናደድኩ። «ድሮስ ባሪያ!» አልኩት። ሳቁ ቆመ። እሱ ምንም አልመለሰልኝም። ብዮቹን ከኪሱ አወጣና አንድ በአንድ መዳፌ ላይ ቆጥሮ መለሰልኝ። ሄደ። ከዚያ በኋላ ወንዝ አልወረደም። ወደሚኖርበት ቤት ሄጄ በሩን ላንኳኳ ስንት ቀን አሰብኩ። አልሄድኩም።

መጽሐፉ ውስጥ 15ኛው ምዕራፍ ላይ አንድ ነገር አለ። ሃክና ጂም ሌሊት በጉም ይጠፋፋሉ። ጂም ሲጣራ ያድራል፤ ሃክ የሞተ ይመስለዋል። ደክሞት እንቅልፍ ይጥለዋል። ሃክ ተመልሶ ይመጣና «የት ሄጄ? ሕልም አይተህ ነው» ብሎ ያሞኘዋል። ጂም ሲነቃበት አይጮህም፤ አይሳደብም። ልቤ ሊሰበር ደርሶ ነበር፣ በሕይወት ሳይህ እግርህን ልስም ነበር፣ አንተ ግን እኔን ማሞኘት ነው ያሰብከው፣ ጓደኛውን የሚያዋርድ ሰው ቆሻሻ ነው ይለዋል። ተነስቶ ይሄዳል። ሃክ ሄዶ ይቅርታ ለመጠየቅ ራሱን እስኪያሳምን 15 ደቂቃ ፈጀበት። ግን ሄደ። በኋላም አልጸጸተኝም ይላል።

ሃክ ያኔ 13 ወይ 14 ዓመቱ ነው። አንተን ያክላል። እኔም ያኔ አንተን አክል ነበር። እሱ የሄዳትን ጥቂት እርምጃ እኔ አልሄድኳትም።

መጽሐፉ እንደተጻፈ ይነበብ የምልህ ለዚህ ነው። የሃክ ጭንቅላት በዚያች ቃል ተሞልቶ ነው ያደገው። አባቱ ይላታል፣ ደጋጎቹ አሮጊቶች ይሏታል፣ እሱም ይላታል። 15 ደቂቃዋ ምን ያህል ረጅም እንደሆነች የሚገባህ ከምን ተነስቶ እንደሄደ ስታውቅ ነው። ሌላም ቦታ አለ። ሃክ አንዲት ደግ ሴት ቤት ደርሶ መርከብ ላይ አደጋ ደረሰ ብሎ ይዋሻል። «ሰው ተጎዳ?» ትለዋለች። «አይ፣ ማንም አልተጎዳም» ይልና በዚያች ቃል ጠርቶ አንድ ጥቁር መሞቱን ይነግራታል። ሴትየዋ «ተመስገን፤ አንዳንዴ ሰው ይጎዳል» ትላለች። ክፉ ሴት አይደለችም። ምግብ ታበላዋለች፣ ትወደዋለች። ጥቁርን ግን ከሰው አትቆጥርም። እዚያ ላይ ቃሏን ብትለውጣት የሴትየዋ ጥፋት ይለሰልሳል። ማርክ ትዌይን እንዲለሰልስላት አልፈለገም። ባርነት አሜሪካ ውስጥ በሕግ የቀረው እንደ ፈረንጆቹ በ1865 ነው፤ መጽሐፉ እዚህ የወጣው በ1885። ሕጉ ተለውጦ ሰዉ እንዳልተለወጠ አይቶ ነው የጻፈው። በነገራችን ላይ በዚያው ዓመት ማሳቹሴትስ፣ ኮንኮርድ ያለ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን አግዶት ነበር። ያኔ ያስቆጣቸው ይህች ቃል አልነበረችም። ሃክ ባለጌ ነው፣ ለጨዋ ልጆች አይሆንም ብለው ነው።

ሦስተኛ ክፍል እያለህ የገዛሁልህ፣ የዚሁ ታሪክ ባለ ሥዕሉ አጭር መጽሐፍ ትዝ ይልሃል? ታንኳ አለ፣ ዓሣ ማጥመድ አለ። የጂም ልጅ ግን የለችም። አሁን ሙሉውን ሳነብ ነው ያገኘኋት። ጂም ሌሊት ሃክ የተኛ መስሎት አንገቱን ደፍቶ ለሚስቱና ለልጆቹ ያለቅሳል። ትንሿ ልጁ በሽታ ይዟት ተነስታ ነበር። በሩን ዝጊ አላት፤ ቆማ ፈገግ ብላ ታየዋለች። ደግሞ ተናገራት፤ አልሰማችውም። በጥፊ መታት። ትንሽ ቆይቶ ነፋስ በሩን ከኋላዋ ድርግም አድርጎ ዘጋው። ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም። ለካ በሽታው ጆሮዋን ወስዶት ኖሯል።

ይህን ያነበብኩት ሌሊት፣ እዚሁ መኪና ውስጥ፣ ከቤት ከወጣሁ 9 ቀን ሆኖኝ ነበር። መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ቃል ከመለወጥ ይልቅ እንዲህ ያለውን ቆርጦ መጣል ይብሳል።

ጂም በመጨረሻ በ40 ዶላር ተሸጠ። ሃክ ጂም ያለበትን ቦታ ለእመቤቲቱ ለመጠቆም ደብዳቤ ይጽፋል። ጠቁም ያለው ሃይማኖቱ ነው፣ ሕጉ ነው፣ ያሳደጉት ሰዎች ናቸው። ወረቀቱን እንደያዘ ግን ጂም እሱን ላለመቀስቀስ የሱንም ተራ ሲጠብቅለት ያደረበት ሌሊት ትዝ ይለዋል። «በቃ፣ ሲኦል እገባለኋ!» ብሎ ይቀደዋል። ከዚህ በኋላ ያሉትን ምዕራፎች አልወደድኳቸውም። ቶም ሶየር ይመጣና የጂምን ነጻነት ጨዋታ ያደርገዋል። አንተ አንብበህ የመሰለህን ንገረኝ። እንደ ፈረንጆቹ በ2024 ፐርሲቫል ኤቨረት የሚባል ጥቁር ደራሲ ይህንኑ ታሪክ በጂም አንደበት ጽፎታል፤ ርዕሱ «ጄምስ» ነው። በማግስቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። እሱን ትንሽ ጠንከር ስትል አብረን እናነበዋለን።

እንግሊዝኛው አስቸግሮኝ ነበር። ጂምም ሃክም በየሰፈራቸው አነጋገር ነው የሚያወሩት። በዓይኔ ሳነበው አልገባ ብሎኝ፣ በሩን ዘግቼ ጮክ ብዬ ሳነበው ግን ገባኝ። አንተም እንደዚያ ሞክረው።

ሙሉው መጽሐፍ አልጋዬ አጠገብ ባለው መሳቢያ ውስጥ አለ። 15ኛው ምዕራፍ ላይ የነዳጅ ደረሰኝ አድርጌበታለሁ። ቅዳሜ ስገባ ከዚያ እንጀምራለን። ቃሏ ጋ ስንደርስ እኔ አነባታለሁ፤ ከፈለግክም ሁለታችንም ዝም ብለን እናያታለን። ለአስተማሪህም ልጆቹ የሚያደርጉትን እንነግራታለን። አብሬህ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ጭነት ባልይዝ ችግር የለም።

እህቴ ባለፈው ሳምንት የዚያን ጓደኛዬን ስልክ ፈልጋ አገኘችልኝ። ቁጥሩን ጽፌ ከመሪው አጠገብ ለጥፌዋለሁ። እዚህ መሽቷል፤ እነሱ ጋ ገና አልነጋም። ሲነጋ እደውልለታለሁ።

አባትህ