ክሊራንስ ላይ አንድ ፊርማ ይጨመር

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ዩኒቨርሲቲዎች የምስረታ በዓላቸው ሲቃረብ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ልዩ መጽሔት ይታሰባል፣ የድሮ ፎቶ ፍለጋ ይጀመራል። ፎቶው ቢገኝም ተሰልፈው ከቆሙት ሰዎች የሁለቱን ስም እንኳ የሚያውቅ ይጠፋል።

አንድ የትምህርት ክፍል ቢሮ ሲቀይር ኮሪደር ላይ የተከመሩ ካርቶኖች አይቼ ነበር። አንዱን ከፈት ሳደርገው የቆዩ የፈተና ወረቀቶች፣ የመምህራን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እና ተማሪዎች በስቴንስል ያባዙት መጽሔት አገኘሁ። በማግስቱ ስመለስ ኮሪደሩ ተጠርጓል። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ ቦታ ጠቧቸው ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መጽሐፍ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ቢጠፋ ሌላ ጋ ሊገኝ ይችላል። ቃለ ጉባኤ፣ የላብራቶሪ ደብተር፣ የተማሪዎች በራሪ ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ ያው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። የፕሬዚዳንቶቹ ስም እና ሕንፃዎቹ የተመረቁበት ቀን የትም አይሄዱም፤ ድንጋይ ላይ ተቀርጸዋል። ተማሪ ምን ይጠየቅ እንደነበር፣ ምን ያስቆጣው እንደነበር፣ የትኛው ሙከራ እንደከሸፈ የሚነግሩን እነዚያ ተራ ወረቀቶች ናቸው። ለዚህም ነው የቤተ መዛግብት ባለሙያዎች የአንድን ሰው ወረቀቶች እሱ ባስቀመጠበት ቅደም ተከተል የሚያቆዩት። በቅን ልቦና በርዕስ በርዕስ እንለያቸው ከተባለ ጥያቄው አንድ ፋይል፣ መልሱ ሌላ ፋይል ውስጥ ይገባና ነገሩ ይበተናል።

ጥበቃው ዋጋ እንዳለው ኬፕ ታውን ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18 ቀን 2021 ከተራራው የተነሳ ሰደድ እሳት የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲን የጃገር ቤተ መጻሕፍት የንባብ አዳራሽ አወደመ። ስለ አፍሪካ ጥናት የተሰበሰቡ ብዙ ሺህ መጻሕፍት ተቃጠሉ። የእሳት መከላከያ በሮቹ በመዘጋታቸው ግን እሳቱ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ሳይዛመት ቀረ። ከዚያ በኋላ በጎ ፈቃደኞች ተሰልፈው ከምድር ቤቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሳጥኖችን አወጡ።

«ሁሉንም ስካን ማድረግ ነዋ» የሚሉ አሉ። ስካን ማድረጉ መልካም ነው። ግን ፍሎፒ ዲስክ ላይ የቀረውን ጽሑፍ ዛሬ ማን ይከፍተዋል? የዘንድሮው ታሪክማ ጭራሽ ወረቀት ላይ አልወጣም። ኢሜይል ውስጥ ነው ያለው። ዲኑ ጡረታ ሲወጣ አካውንቱ ይዘጋል፣ ያ ሁሉ ደብዳቤም አብሮ ይሄዳል።

ሐሳቤ አንድ ነው። መምህር ወይም ኃላፊ ሲለቅ ክሊራንስ ይዞ ይዞራል። ቤተ መጻሕፍቱ «የእኛ መጽሐፍ እጅህ ላይ አለ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ቅጹ ላይ የቤተ መዛግብቱ ፊርማም ይጨመር። ባለሙያው «ቢሮህ ውስጥ ምን ወረቀት አለ? ኢሜይልህስ?» ብሎ ይጠይቅ፤ የሚቀረውን እና የሚጣለውን አብረው ይለዩ። ቢሮ ሲዛወርም እንዲሁ፤ ካርቶኑ ከመውጣቱ በፊት ባለሙያው ይጠራ።

የቀድሞ ተማሪዎችም አልበማችሁን አውጡ። ከፎቶው ጀርባ በለስላሳ እርሳስ ስሙን፣ ቦታውን፣ ዓመቱን ጻፉ። እስክሪብቶ ቀለሙ ሊያልፍ ስለሚችል ይቅር። ስሙ የጠፋባችሁ ካለ አብሯችሁ ለተነሳው ሰው ዛሬውኑ ደውሉለት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ